ረብሻ የማይገባበት ክፍል

«ቻው ዶክተር፣ መልካም ጥምቀት!» ብሎ ከተሰናበተ በኋላ ነው ቴክኒሻኑ ያላጠበቀው ገመድ ትዝ ብሎት ማንም ሳያየው ወደ ሙከራ ክፍሉ የተመለሰው። የብረቱ በር ከኋላው ተዘጋ። እጀታው ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው።

ክፍሉ የተሠራው ምንም እንዳይገባበት ነው፤ የስልክ ሞገድም ጩኸትም አያልፈውም። መሃሉ ላይ በቆመው ማቀዝቀዣ ውስጥ የኳንተም ኮምፒውተሩ ልብ፣ ኪዩቢቷ አለች። በዚያ ብርድ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እንቅፋት የሚዞርባት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሰርኪዩት ናት። በአንድ ጊዜ ዜሮም አንድም ሆና የምትቆየው ካልነኳት ብቻ ነው። ሕንፃው ደግሞ ዛሬ ከተራ ስለሆነ ሊቆለፍ ነው፤ የሚከፈተው በዓሉ ሲያልፍ ነው። እሱ ውሃ እንኳ አልያዘም።

አሰበና ማቀዝቀዣውን በመፍቻው መታው። ኪዩቢቷ ስትረበሽ ውጭ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ብልሽት እንዳይመስላቸው ምት አበጀለት፤ ድም፣ ድም ድም። ድም፣ ድም ድም።

ውጭ ዶክተር ትርሲት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ጋሽ ገብረየስ፣ ይቺን መስመር ይዩልኝማ። ምት አላት እኮ!»

ጥበቃው ጎንበስ ብለው አዩ። «ታቦት እየወጣ አይደል፣ ዶክተርዬ? ከበሮው ነዋ!»

«እዚህ ድረስ?» ሳቀች። ፕሮግራሙ ከበሮውን አጣርቶ እንዲያወጣው አዘዘችው። መስመሩ ቀጥ አለ።

መብራት አጥፍተው፣ ዋናውን በር ቆልፈው ወጡ። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከየትም የከበሮ ድምፅ አይሰማም።

«አለፈን ማለት ነው» አሉ ጋሽ ገብረየስ፤ እየሮጡ ሄዱ።