ኅዳር ሚካኤል በድንጋይ መፍጫው

ፎርማኑ ሰማኸኝ ድንጋይ መፍጫውን ያጠፋው ለእንግዳው ብሎ ነው እንጂ ለሚካኤል ብሎ አይደለም። የቀን ሠራተኞቹ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ እንደጠቀለሉ፣ አቧራ እንደለበሱ ተሰበሰቡ።

መንገድ ሠሪው ድርጅት ከላከው ነጭ መኪና የወረዱት አባ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ አገሬ የምትባለው የቀን ሠራተኛ የነፍስ አባት። ስታያቸው ደስታዋን አልቻለችውም። ሠራተኛው ለኅዳር ሚካኤል እረፍት ይሰጠን ብሎ ሲለምን ሰንብቷል፤ ድርጅቱ አሻፈረኝ ብሏል። እሳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ ማን ደፍሮ ማሽኑን ያስነሳል?

"ልጆቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠራተኛ ልጆቿን ልትጎበኝ መጣች" አሉ አባ። "መንገድ መሥራትም ጽድቅ ነው። ሚካኤል አይቀየማችሁም፤ ሥራችሁን ሥሩ።"

የአገሬ ደም ፈላ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዚሁ ቀን፣ ገብሷ ታጭዶ ማሳ ላይ እንዳለ ሰማዩ ጠቆረ። ነዶውን ልትሰበስብ ስትሮጥ እኒሁ አባት ከማሳው ዳር ቆመው "ዛሬ እህል ብትነኪ ግዝት ነው!" አሏት። እጇን አጣጥፋ ገብሷን ዝናብ ሲበላው አየች። በሬዋን ሸጣ እዚህ አቧራ ውስጥ የገባችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሻሿን ከአፏ ዝቅ አደረገች። "አባቴ፣ ያኔ የገዘቱኝ በሌላ ሚካኤል ነበር እንዴ?"

"ያ የግል እህልሽ ነው። ይሄ እኮ የአገር ልማት ነው፣ ልጄ።"

"ልጆቼ የሚበሉት የግል እህሌን ነበር!"

"አፍሽን ያዢ!" ብሎ ጮኸ ሰማኸኝ። "አባታችን ለእናንተ ብለው እዚህ ድረስ መጥተው!"

"ለእኛ ቢሆንማ በእግራቸው ይመጡ ነበር" አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

አባ ፊታቸው ተለዋወጠ። መስቀላቸውን አውጥተው "ኑ፣ ተሳለሙና ወደ ሥራችሁ" አሉ።

አገሬ ቀድማ ሄደች። እፊታቸው ስትደርስ ሻሿን መልሳ ወደ ላይ ሳበችው። መስቀሉ ግንባሯን ነክቶ ወደ አፏ ወረደ፤ እዚያው ቆመ።

"ግለጪ እንጂ" አሉ አባ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። አልገለጠችም። ትታቸው ሄደች። ተከትላት የመጣችውም ሴት ሻሿን አጠበቀች፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም።

ሰማኸኝ ተናዶ ማሽኑን አስነሳው። አባ መስቀሉን እንደዘረጉ ቀሩ፤ ነጩ አቧራ እየወረደ ላዩ ላይ ተኛ።