የዊዳድ ፀጉር

ኢብቲሃል አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ስትደርስ የእናቷን ስም አየች።

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፉን ገና የማተሚያ ቤት ሽታ አልለቀቀውም። የጻፈችው ሳፊናዝ ናት፤ በዚህ በግብፅ መንሱራ ከተማ በሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አብራት እንግሊዝኛ ያስተማረች፣ እንደ እህት የምታያት ጓደኛዋ። በመምህራን ማረፊያው ለሁሉም አንዳንድ ቅጂ ደርሷቸው ያገላብጣሉ፤ ሳፊናዝ ለደስታዋ ያመጣችው ባስቡሳ የሚባል ጣፋጭም ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል።

ምዕራፉ ስለሚቆጠሩና ስለማይቆጠሩ ስሞች ነው። ወንበር ይቆጠራል፣ ውሃና ሩዝ አይቆጠሩም፤ እስከዚህ ማንም የሚያስተምረው ነው። ፀጉር ላይ ሲደርስ ግን፣ ራስ ላይ እስካለ እንግሊዝኛ አይቆጥረውም፣ ሲረግፍ አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል ይላል። ምሳሌውም «የዊዳድ ፀጉር ጥቁር ነው። ዛሬ ጠዋት ትራሷ ላይ ሦስት ፀጉሮች አገኘሁ» የሚል ነው።

ይህን ኢብቲሃል የተናገረችው ሆስፒታል ውስጥ ነበር። የካንሰሩ መድኃኒት የእናቷን ፀጉር ማርገፍ የጀመረ ዕለት፣ ኮሪደሩ ላይ ለሳፊናዝ ነገረቻት። ሌላ ሰው አልሰማም። ሳፊናዝ አቅፋት አብራት አልቅሳ ነበር።

ገጹን ገለጠች። መልመጃ ስድስት፦ «አሁን ዊዳድ ምንም ፀጉር የላትም። እዚህ ላይ ፀጉር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?»

ተነስታ ሳፊናዝ አጠገብ ሄዳ ቆመች። «ስሟን እንኳ አልቀየርሽውም» አለቻት በዝግታ።

ሳፊናዝ ፊቷ ቀላ። በአገሩ ዊዳድ የሚባል ሰው ሞልቷል፣ ለቅሶ የመጣው ሁሉ እናትሽን የሚያውቃት «የኢብቲሃል እናት» ብሎ ነው፣ ማን ይጠረጥራል አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ኢብቲ፣ አንቺ እንደሆንሽ ያልሽውን መጽሐፍ ላይ ልታሳትሚው አልነበረም» አለቻት።



ዘንድሮ የተቀጠረው የባዮሎጂ መምህር ከወዲያ በኩል መልመጃውን አንብቦ ሳቀ። «እኔ የምለው መምህርት ሳፊናዝ፣ ይቺ ዊዳድ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«ምሳሌ ናት እኮ» አለች ሳፊናዝ፣ የባስቡሳውን ሳህን ልታቀርብለት እያነሳች።

«በረመዳን ዋዜማ ቀበርናት» አለች ኢብቲሃል። «እናቴ ናት።»

ሳፊናዝ ሳህኑን እንደዘረጋች ቀረች። የሚቀበላት ጠፋ፤ ሳህኑ ቀስ እያለ አዘነበለ፣ የጣፋጩም ሽሮፕ በጠርዙ በኩል እጅጌዋ ውስጥ መውረድ ጀመረ።