ደመና እንዳይሞቃት

ልጅቷ ልቧ ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ሐኪሙ እናቷን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «ካሁን ወዲያ የሚያስፈልጋት እረፍት ነው። የሚያስደነግጥ ወሬ ጆሮዋ እንዳይገባ» አላት።

እናቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቃሉን እንደ አደራ ያዘችው። ልጅቷ ከሆስፒታል በደወለች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ደመና እንዴት ናት?»

ደመና ቺንቺላ ናት። ከጥንቸል ታንሳለች፣ ከአይጥ ትተልቃለች፤ ግራጫ ፀጉሯ ከመወፈሩ የተነሳ ጣት ያሰጥማል። ከባድ መኪና የሚነዳው አባት ከመንገድ ሲመለስ ከከተማው ገበያ ገዝቶ ለልጁ ያመጣላት ነው። ዘሯ የብርዳማ ተራራ ስለሆነ ሙቀት አትችልም። ጆሮዋ ከቀላና በጎኗ ከተጋደመች አበቃላት፤ ሻጩ አስጠንቅቆ ነው የሸጣት።

የዚያን ሰሞን ደግሞ ሙቀቱ ለጉድ ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል። ልብስ ሰፊዋ የደመናን የሽቦ ቤት ከግድግዳው አርቃ መሬት ላይ አወረደችው። የምትተኛበት የእብነ በረድ ቁራጭ አስገባችላት። በላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በረዶ አድርጋ፣ በፎጣ ጠቅልላ ከጎኗ ደገፈች። ቬንትሌተሩን በክፍሉ ባለችው አንዲት ሶኬት ላይ ሰክታ፣ ነፋሱ በበረዶው ላይ አልፎ እንዲደርሳት አደረገች። እሷ ግን እዚያው ላቧን እየጠረገች ትሰፋለች።

አማቷ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች።

«ሰው በቁሙ እየነደደ ለአይጥ በረዶ ይቀርባል» ትላለች። «ጊዜው ከፋ።»

«አይጥ አይደለችም፣ እማማ።»

«ጭራ አላት አይደል?»

ሐሙስ የሙሽራ ቀሚስ የማስረከቢያ ቀን ነበር። ልብስ ሰፊዋ አቧራ ነጩን ጨርቅ እንዳይነካው መስኮቱን ዘጋች። በዚያችው ሶኬት ካውያውን ሰክታ ቀሚሱን ተኮሰች፣ አጣጥፋ በላስቲክ ከተተች፣ ታክሲ ይዛ በረረች። ሙሽራዋ ወገቡ ይጥበብልኝ፣ ደረቱ ይስፋልኝ ስትል ቀኑን ፈጀችባት።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል። አማቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከቀሚሷ ጫፍ አፈር ታራግፋለች።

«ገበያ ወጥቼ ነበር» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደመና ሌላ ሆነች። ድሮ ዘቢብ ከእጅ ላይ አንስታ የምትበላው እንስሳ፣ አሁን የልብስ ሰፊዋን ጣት ስታይ ጥግ ትይዛለች። አርብ ጠዋት ነከሰቻት።

ልብስ ሰፊዋ ደሟን እየመጠጠች አሰበች። እንዲህ የሚሸሽ የተመታ እንስሳ ነው። ሐሙስ ደግሞ ቤት የነበረው አንድ ሰው ነው።

ቅዳሜ ከሱቅ ስትመለስ አማቷን በጉልበቷ ተንበርክካ አገኘቻት። እጇን እስከ ክርኗ የሽቦ ቤቱ ውስጥ አስገብታለች።

«ልመጂ» ትላለች በዝግታ። «ልመጂ እንጂ። ጊዜ የለንም።»

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ዕቃ መሬት አስቀመጠች።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አሮጊቷ እጇን ቶሎ መለሰች። ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ የአማቷ ጣት ባዶ መሆኑን ያየችው። ያቺ የወርቅ ቀለበት ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ከእጇ ወጥታ አታውቅም።

«ቀለበትዎስ?»

«ሙቀቱ ጣቴን አሳበጠው። አወለቅኋት።»

ልብስ ሰፊዋ የሰማችውን አላመነችም። የደመናን የሽቦ ቤት ወደ መኝታ ክፍሏ ወሰደች፤ ስትወጣ በሩን እየቆለፈች ቁልፉን አንገቷ ላይ ማሰር ጀመረች። በረዶውን በየሦስት ሰዓቱ ትለውጣለች። ባሏ ሲደውል አልነገረችውም፤ መሪ የያዘ ሰው ምን ይባላል? ልጅቷ ስትደውል ግን «ደህና ናት፣ ትጠብቅሻለች» አለቻት።

ልጅቷ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ሲቆረጥ ልብስ ሰፊዋ መቀነቷን አጥብቃ አማቷ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ያቺን እንስሳ እንደመቷት አውቃለሁ። ልጄ ሞት አፋፍ ደርሳ የተመለሰች ናት። የምትወደውን ከሚጎዳ ሰው ጋር አንድ ቤት አላኖራትም። ልጅቷን ከሳሙ በኋላ ሴት ልጅዎ ጋ ይሂዱ።»

ትሟገተኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። አሮጊቷ ግን ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎተተች።

«እሺ፣ ልጄ» አለች። «በኔ ይሁን።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን እንደ ማመን ቆጠረችው።

ማግስቱን ልጅቷ ገባች። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን በርቷል። የአያቷ ሻንጣ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ልጇን አልጋ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቺንቺላዋን በፎጣ ይዛ እቅፏ ውስጥ አኖረችላትና ውሃ ልታመጣ ወጣች።

ብርጭቆውን ይዛ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ በክፍተቱ ሁለቱን አየቻቸው። ልጅቷ የእንስሳዋን ጆሮ ገለጥ አድርጋ አንድ ምልክት ፈልጋ አጣች። ቀና ብላ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን አያቷን አየች። ከዚያ የአሮጊቷን ባዶ ጣት ይዛ ወደራሷ ሳበቻት።

«አያቴ፣ የኔዋን ደመና የት ቀበርሻት?» አለች በሹክሹክታ። «እኔም ለእማዬ አልነግራትም።»