ምስጉን

በአሮን የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የቀበሌው ሊቀመንበር ተነሥቶ፣ «ኢሳያስ ምስጉን ወጣት ነው» አለ። ጀልባ በጫሞ ሐይቅ ላይ ስትገለበጥ ሁለት ተማሪዎችን ያወጣው፣ ታናሽ ወንድሙን አሮንን ግን ያላተረፈው ዓሣ አስጋሪው ኢሳያስ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሐዘንም ኩራትም ሳይሰማው ተቀምጧል።

አማርኛ እምብዛም የማትሰማው እናቱ ጠጋ ብላ በጋሞኛ ጠየቀችው።

«ምስጉን ምን ማለት ነው?»

«ሊመሰገን የሚገባው ማለት ነው፣ እማዬ።»

«ስለ ምን?»

«ተማሪዎቹን ስላወጣሁ።»

«አሮንስ?»

«ዋና ይችላል፣ እስክመለስ ይቆየኛል ብዬ ነበር።»



«አይችልም ነበር» አለችው እናቱ። «እንዳትስቅበት ብሎ ነው እችላለሁ የሚልህ።»

ለጸሎት ተነሡ ሲባል ኢሳያስም እንደዚያው ምንም ሳይሰማው ከሰው ጋር ተነሣ።