አራት እርምጃ

አዲስ አበባ ይላካል ተብሎ የተያዘው ነብር፣ በጎረቤት ግቢ ሽቦ ቤት ውስጥ ሦስት ወር ኖረ። ዱር ሳለ ባንድ ሌሊት ሁለት ተራራ ያቋርጥ የነበረ አውሬ፣ አራት እርምጃ ሄዶ ይዞራል፤ ደግሞ አራት ሄዶ ይዞራል። የሚበላው ሥጋ ሳይጎድልበት ትናንት ሞተ።

እማማ ገነቴም የልጅ ልጃቸውን ሽብሩን ከውትድርና አፈሳ አድነው ቆጥ ላይ ከሸሸጉት ሦስተኛ ወሩ ነው። ዛሬ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች ደጃፉ ላይ ሲደርሱ፣ ከቆጡ አራት እርምጃ ተሰማ። ዞረና ደግሞ አራት።

«ምን ጎደለብህ ልጄ? ተቀመጥ እንጂ፣ ይሰሙሃል» አሉ ወደ ላይ አንጋጠው፣ በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሌሊት ነው የወረድኩት» አለ ሽብሩ፣ እታች ከታሰሩት ላሞች ኋላ። «እዚያ ብቻዬን አልነበርኩም።»

ከላይ አራተኛው እርምጃ ቆጡ አፍ ላይ ደረሰ። አልዞረም።