የጥቁሩ ምዘና

ለጌም የተሠራው ውድ ስክሪን ገጹ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር። አዳዲስ ስክሪኖችን የሚገመግመው ባለሙያ ይኸኛው ጨለማን ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያሳይ መዝኖ ለተከታዮቹ ሊናገር ተቀምጧል። ባለቤቱ ትርሲት ነጠላዋን አጣፍታ ከጀርባው ቆመች።

«ሽማግሌዎቹ አባባ ቤት እየጠበቁን ነው። ዛሬም ከቀረህ ትዳራችን እዚህ ላይ ያበቃል።»

«ጥቁሩን ብቻ ልይና እንሄዳለን።»

«እስቲ ዞር ብለህ አናግረኝ! እኔ ጀርባህን ነው እንዴ ያገባሁት?»

«አንዴ፣ ትርሲትዬ።»

የክፍሉን መብራት አጠፋ፤ ከኮሪደሩ ብቻ ጥቂት ብርሃን ይገባ ነበር። ጨዋታው በጨለማ ትዕይንት እንደሚጀምር ያውቃልና፣ ስክሪኑ ድቅድቅ እንዳለ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ምስክርነቱን መስጠት ጀመረ።

«ጥቁሩ እንከን የለውም። ከጥልቁ ውስጥ ሻንጣ የያዘች ሴት ትታያለች። ልብሷ ከጨለማው ጋር አልተቀላቀለም፤ ጉንጯ ላይ ያለው እንባ እንኳ ጥርት ብሎ ይለያል። አሁን ቆም ብላ ወደ እኛ ተመለከተች። አሁን ደግሞ በሩን ከፍታ ወጣች። በእንቅስቃሴዋ ላይ አንዳች መቆራረጥ አልታየም።»

ከአሥር አሥር ሰጠው።

በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ከጠቆረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦግ አለና፣ ጨዋታውን ለመጀመር አንድ ቁልፍ እንዲጫን ጠየቀው።