ከጭምብሉ የተረፈው

ስቶያንካ በቪዲን ከተማ ፖስታ ቤት የገዛቻትን አንዲት ቴምብር ወደ መነጽሯ አስጠጋች። የልዩ ፖሊሱን ጓድ ሠላሳኛ ዓመት ለማሰብ የወጣች ነበረች። በላይዋ ከተሳለው ባለጭምብል ፖሊስ የሚታዩት ሁለት ዓይኖቹና የተሰነጠቀ ግራ ቅንድቡ ብቻ ናቸው። ያን ቅንድብ ልጇ በአምስት ዓመቱ ከቼሪ ዛፍ ወድቆ ሲሰነጥቀው፣ ደሙን በሽርጧ ያበሰችው እሷ ነበረች።

ቴምብሯን ወደ ከንፈሯ ስትወስድ በመስኮቱ በኩል ቴምብር የምትሸጠው ሠራተኛ ሳቀች።

«እማማ፣ የድሮ አመልዎ አልለቅ አለዎት? የዛሬ ቴምብር እኮ ምራቅ አይፈልግም፤ ላጥ አድርገው መለጠፍ ነው!»

ስቶያንካ እጇን አላወረደችም።

«ልለጥፈው አይደለም፣ ልጄ። ጥር ላይ አለቆቹ የሬሳ ሣጥኑ አይከፈትም አሉኝ። ግንባሩን ሳልስመው ነው የቀበርኩት።»